አልገፋ ያለኝ ሥራ

ደባርቅ ላይ ኔትወርክ ሲጠፋብኝ ላፕቶፔን ይዤ ሊማሊሞ አፋፍ ድረስ ሄድኩ። የጻፍኩትን ኮድ እስከ ስድስት ሰዓት ወደ ሰርቨሩ ካልላክሁ ከሥራ መባረሬ ነው። መላኩን እኛ ኮድ ጸሐፊዎች መግፋት እንለዋለን። አስፋልቱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ስልኬን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ፣ አዲስ አበባ ላለው ባልደረባዬ «ስገፋው ይመልስብኛል፤ ደግሜ ብገፋውም እምቢ አለ» እያልኩ ስጮህ አንድ መንገደኛ ሽማግሌ ሰሙኝ። ወዲያው የሚያልፍ አይሱዙ አስቁመው አራት ጎረምሳ አስወረዱልኝ።

«መኪናው የታለ ልጄ?»

«መኪና አይደለም አባቴ፣ ሥራ ነው አልገፋ ያለኝ።»

ላፕቶፑን አዩ፤ ገደሉን አዩ። ጎረምሶቹ እጅጌያቸውን ሰብስበው ይጠብቃሉ።

«ምንም ይሁን፣ አልገፋ ያለ ነገር መጀመሪያ ይሳባል» አሉ።

«እውነታቸውን ነው» አለ ባልደረባዬ በስልኩ። «እኔ ቀድሜህ ያስገባሁት አለ፤ መጀመሪያ እሱን ወዳንተ ሳበው።»

ሳብኩት።

«እሺ፣ ምን አለህ?»

«ግጭት አለ ይላል። ሁለታችንም አንድ መስመር ውስጥ ገብተናል።»

ሽማግሌው እጄን ከላፕቶፑ ላይ ቀስ ብለው አነሱት። «ግጭት ካለማ ትራፊክ ሳይመጣ እንዳትነካው።»

አንዱ ጎረምሳ ቅጠል ቆርጦ ከኋላዬ አስፋልቱ ላይ አነጠፈ።