የፒኑ ልክና የእናቴ ማሽላ

በደርግ ዘመን አውሮፕላን በሚጠገንበት ቦታ ሥራዬ መለካት ነበር። የተቀረጸው ብረት ከልኩ ለዓይን የማይታይ ያህል እንኳ ከወጣ «ይጣል» እላለሁ፤ ሰው ይጠላኛል። ለእናቴ ግን ሥራዬን ማስረዳት አቃተኝ። በትንሿ ከተማ በቦርደዴ ላሉ ጎረቤቶቿ ልጄ የአውሮፕላን ልብስ ሰፊ ነው ትላቸው ነበር፤ ልክ የሚወስድ ሰው የምታውቀው ልብስ ሰፊ ብቻ ነዋ።

ሥልጠና ስጨርስ የተሰጠኝን ማይክሮሜትር፣ ብረት በአፉ ነክሶ ውፍረቱን የሚለካውን መሣሪያ፣ እናቴ ሣጥን ውስጥ አስቀምጬው ነበር። አብራው ጣት የምታህል የብረት ዘንግ አለች። ልኳ የታወቀ ነው፤ ማይክሮሜትሩ እውነት መናገሩን የምንፈትነው እሷን ለክተን ነው።

አንድ ዓመት ለእረፍት ስመጣ አንበጣም መጣ። እናቴ አባቴ ከሞተ ወዲህ የምትተዳደረው በአንዲት የማሽላ ማሳ ነው። መድኃኒት የሚረጨው ትንሽ አውሮፕላን ከከተማው ወጣ ካለ ሜዳ ላይ ሲያርፍ፣ ጎማውን የሚይዘው ፒን ተሰነጠቀ። መለዋወጫ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አንበጣው አይጠብቅም። አሰበ ተፈሪ ያለ ጋራዥ አዲስ ፒን ቀርጾ ላከ። አብራሪው ዝምተኛ ጎልማሳ ነው፤ ሥራዬን ከሰው ሰምቶ ፒኑን መዳፌ ላይ አኖረና ልክ ነው ካልከኝ እነሳለሁ አለኝ።

ደስ አለኝ፣ ምን ይዋሻል። ሙያዬ ገና አሁን ለእናቴ ሊጠቅማት ነው። ሮጬ ሣጥኑን ስከፍት ዘንጓ እንደ አዲስ ማንኪያ ታብለጨልጫለች።

እናቴ ከኋላዬ ሆና ዘንጓ ዝጋ እንደነበር ነገረችኝ። ዒድ በመጣ ቁጥር ከመዳብ ሳህኖቿ ጋር በአመድና በአሸዋ ትፈትጋታለች። የማይክሮሜትሩንም አፍ አልማረችውም። ለዒድ የቤቱ ዕቃ ሁሉ ሲታጠብ የልጇ ዕቃ ይቅር እንዴ?

ሁለቱም በአሸዋው ምን ያህል እንደተበሉ በምን ልወቅ? ፒኑን ለካሁት፤ ቁጥሩን አየሁት፤ ላምነው ግን አልቻልኩም። ፒኑ ከላላ አውሮፕላኑ ሲያርፍ ይገለበጣል። ሄጄ ለአብራሪው አላውቅም አልኩት። አመሰገነኝና ከክንፉ ጥላ ሥር ተቀመጠ።

ከሰዓት በኋላ አንበጣው ማሳችን ላይ ሰፈረ። እናቴ ቆርቆሮ ትደበድባለች፣ እኔም እደበድባለሁ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለው እኔን ነው። ተናደድኩ፤ በማን እንደምናደድ ግን አጣሁ።

አመሻሹ ላይ ከማሽላው አገዳው ብቻ ቀረ። እናቴ መጥታ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ያ ዕቃህ ምን ሆኖ ነው እምቢ ያለህ?»

አርጅቷል አልኳት። ሌላ ምን እላታለሁ?

«አምጣው እስቲ፣ ደህና አድርጌ ልፈትግልህ» አለችኝ፤ ጎንበስ ብላም ከእግሯ ሥር አሸዋ ዘገነች።