የሬዲዮ ጠጋኙ ቀጠሮ

የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ያለኝ የቢቸና መምህር ነኝ። የእጅ ሬዲዮዬን በኢንተርኔት አድርጋ ከሩቅ አገር ሰዎች ጋር የምታገናኝ፣ ሆትስፖት የምትባል ርካሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ገዛሁና አንቴናዋን እንዲበይድልኝ ሞጣ ላለ ሬዲዮ ጠጋኝ ሰጠሁት። «ለሚካኤል ና» አለኝ። በሚካኤል ስሄድ «ለገብርኤል» አለኝ። በገብርኤልም ቀን ሚኒባስ ውስጥ ተጣብቄ ስደርስ ሰሌዳዬ አቧራ ለብሳ እዚያው መደርደሪያ ላይ ተቀምጣለች።

«ለማርያም አታጣትም» አለና ወደ ደንበኞቹ ዞረ። «ቢቸና ቁጭ ብሎ ከማን ጋር ሊያወራ ነው?» ሁሉም ሳቁብኝ።

ሰሌዳዬን ነጥቄ ወጣሁ። መበየድ ራሴ ተማርኩ፤ ጣቴን ሁለት ጊዜ አቃጠልኩ። በልጄ አሮጌ የምሳ ዕቃ ውስጥ ገጥሜ መስኮት ላይ አስቀመጥኳትና የሬዲዮዬን መናገሪያ ቁልፍ ተጭኜ ስጣራ፣ ባሕር ማዶ ያለ ሰው መለሰልኝ። ያም ሆኖ ያ ሳቅ ከጆሮዬ አልወጣም።

ዘንድሮ ጠጋኙ ራሱ ደወለልኝ። እሱም ፈቃድ አውጥቶ እንደኔው ዓይነት ሰሌዳ ገጥሟል፤ ሌሎቹን ይሰማል፣ እሱን ግን የሚሰማው የለም። አንቴናውንም ቻርጀሩንም ቀይሯል። ተናግሮ ሳይጨርስ ገባኝ፤ የሰሌዳዋ ፍሪኩዌንሲ ትንሽ ዝንፍ ብሏል። አንዲት ቁጥር ማስተካከል ብቻ ነው፤ በስልክም ይነገራል።

«መምህር፣ ይዣት መቼ ልምጣ?» አለኝ።

«ለሚካኤል ይምጡ» አልኩት፣ አንቱ ብዬ አክብሬ።

ሚካኤል ትናንት ነበር።