ከመካነ ብርሃን የወረደው ደም

ኦክሳይድ መሆን የሰውነት ዝገት ነው ይላሉ። አይደለም። ዝገት ነው የሚሉት የቫይታሚን ክኒን የሚሸጡ ሰዎችና ክኒኑን የሚገዙት ናቸው። በፕሮቲኖቻችን ውስጥ ሲስቴይን የሚባል ድኝ የያዘ አሚኖ አሲድ አለ። ድኙ አንድ ኦክስጅን ሲይዝ ሰልፌኒክ አሲድ ይሆናል፤ ፕሮቲኑም ሥራውን ይቀይራል። መልእክቱ ከደረሰ በኋላ ድኙ ወደ ቀድሞው ሊመለስ ይችላል። ዝገት ተመልሶ ብረት ሲሆን ያየ ካለ ይንገረኝ።

ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ጎንደር ከተማ፣ ማራኪ ባለው የባዮኬሚስትሪ ላቦራቶሪ በቴክኒሻንነት ሥራ በጀመርሁበት ቀን የተሰጠኝ እውቀት ሳይሆን ቁልፍ ነው። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ የኬሚካል ቁም ሣጥኑን እያሳየኝ፣ «ሥራህ መስጠት እንዳይመስልህ፤ መጠበቅ ነው» አለኝ። ጠበቅሁ። እኔ ስጠብቀው ጊዜው ያለፈበት ብልቃጥ ብዙ ነው። የንብረት አያያዜ ግን በየግምገማው ይመሰገን ነበር።

ደም እያሽከረከረ የሚለየውን ሴንትሪፉጅ ማመዛዘን፣ ፈሳሽ የሚለካውን ፒፔት መፈተሽ፣ ፕሮቲን የሚለይበትን ጄል ማፍሰስ ቀስ በቀስ ተማርሁ። ሃያ ዓመት እንዲህ ካለፈ በኋላ እንጉዳይ መጣች።

እንጉዳይ የማስተርስ ተማሪ ናት፤ የጃናሞራዋ መካነ ብርሃን ልጅ። ጥያቄዋ ግልጽ ነበር፦ አየሩ በሳሳበት ደጋ በሚኖር ሰው ደም ውስጥ ሰልፌኒክ አሲድ ከጎንደር ከተማ ሰው ይበልጣል ወይ? ችግሩ የዚህ አሲድ ዕድሜ አጭር መሆኑ ነው። የሚያዘው ዳይሜዶን በሚባል ኬሚካል ነው፤ ካገኘው ይጣበቅበታል፣ አይለቀውም። ከእሱ ጋር ሌላ ኬሚካል ይጨመራል፤ ይኸኛው ገና ያልተነኩትን ድኞች ይዘጋል፣ ኋላ አየር እንዳያበላሻቸው። ሁለቱን አንድ ላይ ወጥመድ እንላቸዋለን።

ወጥመዱ ብዙ ተጠብቆ ከውጭ የመጣ ነው። እንጉዳይ ለጉዞ ስትሰናዳ፣ «ጋሼ፣ ይዤው ልሂድ?» አለችኝ።

«ቢሰበርስ? ደሙን አምጪልኝ፣ እዚሁ እጨምርበታለሁ።»

ቆለፍሁበት።

እንጉዳይ መካነ ብርሃን የቀዳችው ደም በበረዶ ሳጥን ሆኖ ቀኑን ሙሉ በጠጠር መንገድ ሲናጥ ዋለ። እንደደረሰ ወጥመዱን ጨመርሁ። የጎንደሮቹ ደም ግን ገና ሲቀዳ ነበር ወጥመድ የገባበት። በጄሉ ምስል ላይ የተያዘው አሲድ በበዛ ቁጥር መስመሩ ይጠቁራል፤ ምስሉ ሲወጣ የደገኞቹ መስመር ጥቁር፣ የከተሜዎቹ ፈዛዛ ሆነ። እንጉዳይ እልል አለች። አማካሪዋ ዶክተር ምስሉን በስልካቸው አነሱት።

እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። የደገኞቹ ፕላዝማ፣ ሴሎቹ ሲለዩ የሚቀረው ፈሳሽ፣ ቀላ ብሎ ነበር። ቀይ የደም ሴል ተንጦ ሲፈርስ ሄሞግሎቢን ይፈሳል፤ የፈሰሰ ሄሞግሎቢን ደግሞ አየር ሲያገኘው ዙሪያውን ኦክሳይድ ያደርጋል።

ከገዛ ክንዴ ሁለት ብልቃጥ ደም አስቀዳሁ። በአንዱ ወጥመዱን ወዲያው ጨመርሁ፤ ሌላውን ተውሁት። ሹፌራችን ለሌላ ጉዳይ ወደ መካነ ብርሃን ሲወጣ ሁለቱንም ይዞ ሄደ፣ በማግስቱ መለሳቸው። ያን ጊዜ በሁለተኛው ላይ ወጥመዱን ጨመርሁ። ጎንደር ተወልጄ ጎንደር ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ጃናሞራ አድሬ አላውቅም። የመጀመሪያው ብልቃጥ ፈዛዛ ሆነ። ሁለተኛው ጥቁር፣ ልክ እንደ ደገኞቹ። ደሜ በሁለት ቀን ደገኛ ሆነ። የለካነው መንገዱን ነበር።

ሁለቱን ምስሎች ለዶክተርና ለእንጉዳይ አሳየሁ።

«የመመረቂያ ጽሑፏ ዲፌንስ እኮ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው» አሉ ዶክተር።

«አውቃለሁ።»

«ፈታኞቹ ይህን አይጠይቁም።»

«እኔ ጠየቅሁ እኮ፣ ዶክተር።»

«አንተ ፈታኝ አይደለህም።»

«እውነት ነው። ጥፋተኛው ነኝ።»

እንጉዳይ ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን አድርጋ ብዙ አየቻቸው።

«ጋሼ፣ ይዤው ልሂድ ብዬዎት ነበር።»

«ብለሽኛል።»

«ቆለፉበት።»

«ቆለፍሁበት።»

«እንግዲያ እርስዎም ከእኔ ጋር መካነ ብርሃን ይወጣሉ። ሳጥኑን የሚሸከሙት እርስዎ ነዎት።»

ጥቁሩን ምስል ከጽሑፏ በራሷ እጅ አወጣችው። ዲፌንሷ ለሚቀጥለው ሴሚስተር ተላለፈ። ዶክተርም የመኪናውን ፈቃድ ፈረሙ።

መካነ ብርሃን የደረስነው እሑድ ነው። የቆረበ ሰው በዚያ ቀን ደም አያወጣምና ሰኞን ጠበቅን። ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ የመጡት አያ ሙላው የሚባሉ ገበሬ ናቸው፤ ባለፈውም ሰጥተው ነበር።

«ምነው? የባለፈውን ጠጣችሁት?»

«አበላሸሁት፣ አያ ሙላው።»

«ሸጋ! እንዴት አድርገህ?»

«ነጭ ሽንኩርት ሳይነካ ይሸታል?»

«አይሸትም።»

«ሲጨፈለቅስ?»

«ቤቱን ይሞላዋል እንጂ።»

«ሲጨፈለቅ ነው ሽታውን የሚያመጣው ነገር የሚወለደው፤ ተወልዶም ወዲያው ይለወጣል። የእሱ ዘመድ በደምዎ ውስጥ አለ። የእርስዎ ደም ግን መንገድ ላይ ተጨፈለቀብኝና የትኛው ከእርስዎ፣ የትኛው ከመኪናው እንደመጣ ጠፋኝ።»

አያ ሙላው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «እንግዲያ ምነው እኔኑ አልወሰዳችሁኝም? ደሜ በገዛ እግሩ ይወርድ ነበር።»

እንጉዳይ ሣቅ አሸንፏት መርፌውን መልሳ አስቀመጠች። ሣቋ እስኪወጣላት ጠበቅናት። ከዚያ ወጥመድ አስቀድሞ በገባበት ብልቃጥ ቀዳች።

የዚህኛው ጉዞ መስመሮች ሁሉም ፈዛዛ ወጡ፤ የደጋውም የከተማውም። ልዩነት አላገኘችም፤ አላገኘሁም ብላም ጻፈች። መንገድ ደምን ምን እንደሚያደርገው አንድ ምዕራፍ ጨመረች፤ ፈታኞቹ ብዙውን ጊዜ የጠየቋት ስለዚያ ምዕራፍ ነው። የሚመልስ አፍ ነበራት፤ አለፈች። የኔን ደም ሁለት ምስሎች ዶክተር ራሳቸው ላቦራቶሪው ግድግዳ ላይ ለጥፈዋቸዋል። ከሥራዬ ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

ወጥመድ ብልቃጥ ውስጥ የሚገባው ከደሙ በፊት ነው። ሌላ ትምህርት የለኝም።

ወጥመድ ሳይገባበት መንገድ ላይ ከዋለ ናሙና ያገኛችሁት ውጤት በጽሑፋችሁ ውስጥ ካለ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ዛሬውኑ አውጡት።