የጋሼ ጥንቅቅ አንቴና

ጋራዡ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። «ጋሼ ጥንቅቅ» ነው የሚሉት። ሥራው ጥንቅቅ ካላለ እህል አይወርድለትም፣ እንቅልፍም አይወስደውም። አብዛኛውን ዕድሜውን ያሳለፈው በመኪና ቀለም ቀቢነት ነበር። ሳሉ አልለቀው ሲል ሐኪሙ «ወይ ቀለሙን ወይ ሳንባህን ምረጥ» አለው። እሱም እያዘነ የቀለም መርጫውን አስረከበና መኪና ላይ የመገናኛ ሬዲዮ መግጠም ተማረ።

አዲሱን ሥራ ወደደው። ሽቦውን እንደ ሹሩባ ይገምደዋል፣ ከምንጣፉ ሥር አሳልፎ ጫፉን በጥቁር ናስትሮ ይጠቀልለዋል፣ ከዚያ በመዳፉ ዳበስ ያደርገዋል። አንድ ነገር ብቻ አልዋጥለት ብሏል። የአንቴናው መያዣ ከመኪናው ገላ ጋር ብረት ለብረት መነካካት አለበት፤ አለዚያ ድምፅ ሩቅ አይሄድም። ስለዚህ ከመያዣው ሥር ያለው ቀለም መፋቅ አለበት። እሱ ታዲያ ዶሮ እረድ እንደተባለ ልበ ስስ ሰው ፊቱን አዙሮ ነው የሚፍቀው።

አንድ ቀን የጤና ቢሮው ለገጠር መንገድ የተሠራ አዲስ መኪና አመጣ። ቁመተ ረጅም ነው፣ ቀለሙ እንደ ወተት ነጭ። ሾፌሯ የገዛ ልጁ ናት። ከአንዲት ነርስ ጋር ሆና ስልክ ወደማይሠራበት፣ ከተራራው ማዶ ወዳሉት መንደሮች ክትባት ልታደርስ ነው።

«አባዬ፣ ለእኔ ነው ወይስ ለልጅ ልጆቼ ነው የምትገጥመው?» አለች በሩን ተደግፋ።

«ዝም በይ እስቲ፣ ይቺን ልጠምዝዛት።»

«ከጠዋት ጀምሮ እየጠመዘዝካት ነው እኮ!»

መካኒኩ ከጎረቤት መኪና ሥር አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ «ተይው እቴ፣ አባትሽ ሙሽራ እያሰናዳ ነው» አላት።

«አንተ ደግሞ በዚያ ቅባታም እጅህ እንዳትነካት!» አለ ጋሼ ጥንቅቅ፣ ቀና እንኳን ሳይል።

ሬዲዮውን ከዳሽቦርዱ ሥር፣ ጉልበቷን በማይነካበት ቦታ አሰረው። የሬዲዮውን የኤሌክትሪክ ሽቦ በቀጥታ ከባትሪው ስቦ ፊውዝ አስገባለት። መነጋገሪያውን ቀኝ እጇ ሳትንጠራራ በምታገኘው ቦታ ሰቀለላት። ከዚያ አንቴናው ወደሚገጠምበት፣ ከፊት ጎማው በላይ ወዳለው ፓራፋንጎ መጣና ቆመ። ቀለሙ ፊቱን እንደ መስታወት መልሶ ያሳየዋል። መፋቂያውን አነሣ፣ አስቀመጠ። ደግሞ አነሣ። የልጁ መኪና፣ ገና ጭቃ እንኳን ያልነካት! በመጨረሻ ብሎን የሚያልፍባቸውን ቀዳዳዎች በሳና ዝገት እንዳይገባባቸው ጠርዛቸውን ቀለም ቀባ። ቀለሙ እንዳይጫር ደግሞ ከመያዣው ሥር ስስ ጎማ አነጠፈ። ለራሱም «ብረቱን ብሎኑ ያገናኘዋል» አለው። ከዚህ በፊት ለማንም እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

ሲሞክሩት የቢሮው ሬዲዮ ሠራተኛ «ጥርት ብሎ ይሰማል!» አለች። ጥርት ቢል ምን ይገርማል፣ ቢሮው ከጋራዡ አጥር ማዶ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን መለኪያውን አውጥቶ ያረጋግጥ ነበር፣ ወይም መኪናውን ከከተማ አስወጥቶ ይሞክር ነበር። ልጁ ግን ሞተር አስነሥታለች፣ ነርሷም የክትባቱን በረዶ ሣጥን አቅፋ ተቀምጣለች።

«ተራራው ጫፍ ስትደርሺ ቢሮውን ጥሪ። ሳትጠሪ ከማዶ ወዳለው ወንዝ እንዳትወርጂ» አላት።

«እሺ አባዬ» ብላ እጇን አውለበለበችና ሄደች።

ከቀትር በኋላ ሰማዩ ከተራራው በላይ ጠቆረ። ጋሼ ጥንቅቅ የእጁን ቅባት ሲታጠብ ሬዲዮ ሠራተኛዋ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ከአጥሩ በር መጣች።

«ጋሼ፣ ይምጡልኝ እስቲ። ከላይኛው ጤና ጣቢያ ‹ወንዙ ሞልቷል፣ ማንም እንዳይሻገር› ብለው ነግረውኛል። ልጅዎን ብጠራት፣ ብጠራት መልስ የለም።»

ሳሙናው ከእጁ አመለጠ። እንዴት እንደደረሰ አያውቅም፤ ራሱን ያገኘው የሬዲዮ ክፍሉ ውስጥ ነው። ሠራተኛዋ ጠራች። ድምፅ ማጉያው «ሽሽሽ» ከማለት በቀር ትንፍሽ አይልም። ጋሼ ጥንቅቅ ጆሮውን ወደዚያ ሽሽታ ጥሎ ቆመ። ጎማው ታወሰው።

«እኔ ነኝ ያፈንኳት» አለ።

«ምን አሉኝ?»

«የእኛ አንቴና ማማ ላይ ነው፣ ድምፃችን ይደርሳታል። የእሷ ነው የማይወጣው። ቀለም አሳዝኖኝ ሥሩን ጎማ አለበስኩት። እስቲ አቀብዪኝ መነጋገሪያውን።»

ተቀበለና ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ቁልፉን ተጫነ።

«የኔ እናት፣ አባትሽ ነኝ። ወንዙ ሞልቷል፣ እንዳትሻገሪ! ብትመልሺም አይሰማንም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ይኸን ከሰማሽ የመነጋገሪያውን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ጫን አድርገሽ ልቀቂ፤ ቃልሽ ባይደርስም ሽሽታው ሲቆረጥ እናውቃለን።»

ጣቱን አነሣ። ሽሽታው ቀጠለ። ከዚያ ቁርጥ አለ፤ ተመለሰ፤ ደግሞ ቁርጥ አለ።

ሠራተኛዋ ክንዱን ጨመደደችው። «ሰማች!»

«ሌላ መኪና ቢሆንስ?» አለ። ፈርቶ ነው እንጂ ማመንስ ፈልጎ ነበር። የልጁን ድምፅ ካልሰማ ግን ልቡ የሚያርፍ አልሆነም።

«የኔ እናት፣ አሁን የምልሽን አድርጊ። የአንቴናውን መያዣ ብሎኖች ፍቺ። የብሎኑ ዳዶ እንዳይጠፋብሽ ነርሷ እጇ ላይ ትያዝልሽ። ከሥሩ ጎማ አለ፣ አውጪና ወርውሪው። ከዚያ በቢላዋም በካቻቢቴም ቀለሙን ፍቂው። ብረቱ ነጭ ሆኖ እስኪያበራ ፍቂው! እንዳትሳሺለት፣ እሺ? የመያዣውንም ሥር እንደዚያው። ከዚያ አጥብቀሽ እሰሪና ጥሪኝ።»

ተቀመጡ። ሠራተኛዋ ውኃ ቀዳችለት፤ ብርጭቆውን ይዞት ቀረ። በሐሳቡ ከእሷ ጋር ይፈታ ነበር፤ አንዱን ብሎን፣ ሌላውን፤ የመጨረሻው እንቢ ይላል፣ አጥብቆ ነው ያሰረው። አሁን ጎማው ወጣ። አሁን ትፍቃለች። የዚያ ወተት የመሰለ ቀለም ሽራፊ ሲረግፍ ታየው፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለም ሲረግፍ ደስ አለው።

ድምፅ ማጉያው ጮኸ።

«አባዬ! አሁንስ ይሰማል?»

ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። እሱ መነጋገሪያውን ከውኃው አነሣና በእጅጌው ጠረገው። ሠራተኛዋ ወስዳ፣ «ጎረቤት ያለሽ ነው የሚመስለው! የት ነሽ? ቀጥዪ» አለቻት።

«ጫፉ ላይ ነን፣ አልወረድንም። ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ስጠራችሁ ቆይቼ፣ ‹በቃ አይሰሙንም፣ እንውረድ› ብለን ሞተር ልናስነሣ ስንል ነው የአባዬ ድምፅ የመጣው። አባዬ፣ አለህ?»

«አለሁ» አለ ቀስ ብሎ።

«ጎማ? ጎማ አባዬ? ለሰው መኪና ሁሉ ፍቀህ ፍቀህ ለእኔ ስትደርስ ፍራሽ ታነጥፍበታለህ? ሁለተኛ መኪናዬን ብታሽሞነሙንልኝ አንተና እኔ አንተዋወቅም!»

ከኋላዋ ነርሷ ስትንከተከት ተሰማ። ሠራተኛዋም አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ልጁ እስኪወጣላት ተቆጣችና፣ ውኃው እስኪጎድል ወንዙን ሳይሻገሩ ከወዲህ ባለው መንደር እንደሚያድሩ፣ ነርሷም የዚያን መንደር ሕፃናት እንደምትከትብ ነገረቻቸው። በየመሐሉም እንደምትጠራቸው ቃል ገባች።

ጋሼ ጥንቅቅ ደጃፉ ላይ ወጣና ለሚስቱ ደወለ። እሷ ሰማዩ ከጠቆረ ጀምሮ ስልኩን ከእጇ አልለየችውም።

«ድምጿን ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«በራስህ ጆሮ?»

«በራሴ ጆሮ።»

«ታዲያ ምን አለች?»

«ከእግሬ እስከ ራሴ ወረፈችኝ።»

ሚስቱ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። «እሰይ!» አለች፤ «እንግዲያውስ ደህና ናት።»