ለብርቱካን የጎደላት ስም

መጀመሪያ ለእጅ ጽሑፌ ይቅርታ። ስምንተኛ ክፍልን እንደ ምንም ነው የጨረስኩት፣ እሱንም በአረብኛ። የአማርኛ ፊደል ያስቆጠረችኝ እናቴ ናት፤ ካፉሪ ከሚባለው የሀብታም ሰፈር ከምትሠራበት ቤት ደክሟት እየመጣች። ስለዚህ ፊደል ባሳስት፣ መስመሩም ወደ ታች ቢያዘቀዝቅ አትፍረዱብኝ። ሰው ፊት መናገር አልችልም፣ አፌ ይያዛል፤ በጽሑፍ ግን ትንሽ እደፍራለሁ።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ሱዳን፣ ጀብራ የሚባል ሰፈር ነበር፣ አንድ ሆሽ ውስጥ፤ አንድ ግቢ፣ አራት ክፍል፣ ሁሉም ሐበሻ። እኔና እናቴ የወሎ እስላሞች ነን። ከጎናችን ጎጃሜዋ እማማ ትርንጎ ነበሩ፤ ለውዝ ቆልተው ትምህርት ቤት በር ላይ የሚሸጡ። ያኔ ከማግሪብ ሶላት በኋላ መብራት ሲጠፋ፣ ብዙ ጊዜም ይጠፋ ነበር፣ ፋኖሱን አጠገባቸው ያስቀምጡና ለውዙን በጋለ አሸዋ እያገላበጡ ተረት ይጀምራሉ፤ እኔ ደግሞ ያለፈውን ዓመት ደብተሬን እየቀደድኩ ለውዙ የሚሸጥበትን ወረቀት እጠቀልልላቸዋለሁ። የከሰሉ ጭስ ዓይኔን ያቃጥለኛል፣ ፍሙ ፊታቸውን ከታች ያቀላዋል፤ ቦታዬን ግን አልቀይርም።

ተረታቸው ሁሉ ስለ ሙት ነበር። «በሰው አገር የሞተ፣ በስሙ ጠርቶ የሚሸኘው ካጣ መንገድ አይከፈትለትም፤ ውሃ በጠጣበት ቤት ደጅ ሲመላለስ ይኖራል» ይሉ ነበር።

እናቴ ከክፍላችን ሆና ትጮሃለች። «እማማ፣ ወላሂ ልጄን ሊያሳብዱብኝ ነው! የሞተ አይመለስም፣ በመካከል መጋረጃ አለ። መልኩን ይዞ የሚመጣው ጅን ነው!»

«ያንቺው ሼህ ጅን ነው ይልሻል፣ የኛ አባ ሰይጣን ነው ይሉናል፤ ሙቱን ግን ማን ጠየቀው?» ብለው ይስቃሉ። ከዚያ ወደ እኔ ይዞራሉ። «አንቺስ ምን ትያለሽ? ድምፅሽን ለሠርግሽ ነው እንዴ ያስቀመጥሽው?»

እኔ አንገቴን ደፍቼ ወረቀቴን እጠቀልላለሁ። ትምህርት ቤት ያሉት የሱዳን ልጆች ደግሞ ባዓቲ የሚሉት ነበራቸው፤ ከመቃብሩ ተነሥቶ ሰው መሐል የሚዞር ሙት። ያኔ ሁሉም የሚሉት እውነት ይመስለኝ ነበር።

ሦስተኛው ክፍል ሌሎች ሠራተኛ ሴቶች ነበሩበት፤ አራተኛው የብርቱካን ነበር። ካፉሪ ሰው ቤት ትሠራና ሐሙስ ማታ መጥታ አርብን ከእኛ ጋር ትውላለች። ክርስቲያን ናት፤ ሥራ ለማግኘት ግን ሳልዋ ነኝ፣ እስላም ነኝ ብላ ነበር የተቀጠረችው። እንዲህ የሚያደርጉ ብዙ ነበሩ፤ እናቴም አትፈርድባቸውም። ብርቱካን ገና ከበር ስትገባ ግቢው ውስጥ ካለው ዚር፣ ከሸክላው የውሃ ጋን፣ ቀዝቃዛ ውሃ ቀድታ ትጠጣና ኩባያውን ክዳኑ ላይ ኳ አድርጋ ታስቀምጣለች። ከዚያ «የታለች ጸሐፊዬ?» ትላለች። ማንበብ አትችልም ነበርና ለእናቷ ደብዳቤ የምጽፍላት እኔ ነበርኩ። ከጎኔ ቁጢጥ ብላ ወረቀቱን በጣቷ መታ መታ ታደርግና «ጻፊ» ትለኛለች። ጽሑፌን ቆንጆ ነው ያለኝ ከእሷ ሌላ የለም።

ወባ ገደላት። ማዳሟ ደግ ሴት ነበረች፤ አሳጥባ፣ አስገንዛ፣ በዚያው ቀን ከእስላም መቃብር አስቀበረቻት። ሳልዋ ብላ። እኛ የሰማነው በሦስተኛው ቀን ነው። እናቴ እጇን ዘርግታ ዱዓ አደረገችላት። እማማ ትርንጎ ግን ደረታቸውን እየመቱ «ያለ ፍትሐት! ልጄ ያለ ፍትሐት!» ይሉ ነበር።

ቤተ ክርስቲያን ሄደው አባን ለመኑ። አባም «መቃብሯ የትም ይሁን፣ በአርባዋ እጸልይላታለሁ፤ የክርስትና ስሟን ብቻ አምጡልኝ» አሉ።

እዚህ ላይ ተያዝን። የክርስትና ስም ለሰው አይነገርም፤ ድግምት እንዳይሠራበት ይደበቃል። የምታውቀው እናቷ ናት፣ እሷም ጎጃም፤ ደብዳቤ በመንገደኛ እጅ ደርሶ መልሱ እስኪመጣ ስንት ወር! ቢሆንም መርዶውንና ጥያቄውን ጽፌ ላክን። ቀኑ ግን አልጠበቀንም፤ ሃያ ሆነ፣ ሠላሳ ሆነ። እማማ ትርንጎ ተረታቸውን ተዉ። ሴቶቹ ፀሐይ ከገባች በኋላ ወደ ዚሩ መሄድ ፈሩ፤ ጅን ነው ባይዋ እናቴ እንኳ ቁርኣን እየቀራች ነበር በአጠገቡ የምታልፈው።

በሠላሳ ሰባተኛው ቀን ጠዋት እማማ ትርንጎ ለውዛቸውን ይዘው ሊወጡ ሲሉ ቀሚሳቸውን ያዝኩ።

«ወለተ ሃና» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«ብርቱካን። የክርስትና ስሟ ወለተ ሃና ነው።»

ሳፋቸውን መሬት አስቀመጡ። እናቴም ወጣች። «ማን ነገረሽ?» አሉኝ ሁለቱም። ፊቴ ጋለ። «ደብዳቤ ስጽፍላት ነግራኛለች።»

እማማ ትርንጎ ትክ ብለው አዩኝና «እውነትም ለማንም እንደማታወሪ አውቃ ነው፣ የኔ እናት» አሉ።

አባ በዚያ ስም ጸለዩላት፤ ንፍሮውን የቀቀለችው እናቴ ነበረች። በሦስተኛው ወር ከጎጃም መልሱ መጣ። ሆሹ ሁሉ ተሰብስቦ «አንብቢ» ተባልኩ። እኔ፣ ሰላምታ እንኳ በሹክሹክታ የምመልሰው፣ ቆሜ አነበብኩ። «ልጄ ወለተ ሃና ፍትሐት ተደርጎላት ይሆን ወይስ እንዲሁ ቀርታ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ» ይላል። ሴቶቹ አለቀሱ። እናቴ በሁሉም ፊት «ወላሂ የኔ ልጅ!» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። እንደዚያን ቀን ቀና ብዬ ሄጄ አላውቅም።

አሁን አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። እማማ ትርንጎም አገራቸው ገብተዋል። እናቴ ያስተማረችኝን አምናለሁ፣ አምስቱንም ወቅት እሰግዳለሁ፤ የአባንም ቃል አልንቅም። ያን ጠዋት እውነቱን ብናገር ግን እናቴ ጅን፣ አባ ሰይጣን ይሉና ስሟ ሳይነሣ ይቀር ነበር። ስለዚህ ዋሸሁ፤ አላፈርኩበትም።

ብርቱካን በሕይወት ሳለች የክርስትና ስሟን ነግራኝ አታውቅም። በሠላሳ ስድስተኛው ቀን ማግሪብ ላይ፣ እናቴ ስትሰግድ፣ እኔ ፋኖሱ ሥር ብቻዬን ወረቀት እጠቀልል ነበር። የዚሩ ክዳን ላይ ኩባያው ኳ አለ። ቀና አላልኩም፤ አልፈራሁም። ወረቀቱ በጣት መታ መታ ሲደረግ አየሁ።

«ጻፊ» አለችኝ።

ስሟን ጻፍኩላት።