መስታወቱ ላይ የዞረው ባትሪ

ይህን ለሚስቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም ልናገር ሄጄ፣ ሌላ ቀለል ያለ ኃጢአት ተናዝዤ ተመልሻለሁ። እንግዲህ አንባቢዬ፣ አንተ ስማኝ።

ቆቦ ላይ ስልክ ቻርጅ የማደርግበት ትንሽ ሱቅ ነበረኝ። ያኔ መብራት ያልገባላቸው የገጠር ሰዎች በገበያ ቀን ስልካቸውን እኔ ጋ ትተው ይገበያዩና ሲመለሱ ይወስዳሉ። እኔ ባትሪውን አውጥቼ ለብቻው እሰካለሁ። ቻርጀሬ ርካሽ ነው፤ ባትሪው ቢሞላም ኃይል ማስገባቱን አያቆምም። በጊዜው መንቀል የእኔ ሥራ ነበር።

እትዬ ዘሃራ ከዋጃ በኩል ይመጣሉ። ልጃቸው ሳዑዲ ነው፤ አርብ አርብ ይደውላል። ስልኩን የያዙት ለዚያች ጥሪ ብቻ መሆኑን አውቅ ነበር።

የዚያን ቀን ባትሪያቸውን ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ሰክቼ ካርታ ስጫወት ረሳሁት። ሳነሳው እጄን ፈጀኝ። እኛ ስልክ የምንነካካ ሰዎች ባትሪን መስታወት ላይ አጋድመን በጣት ገፋ እናደርገዋለን፤ ደህናው ይንሸራተታል፣ ያበጠው ይዞራል። የእሳቸው ዞረ። እኔ አየሁት። ያበጠ ባትሪ እንደሚጣል አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። መሳቢያዬ ውስጥስ ደህና ባትሪ አልነበረም? ነበር። ግን ብሰጣቸው ማበላሸቴን ማመኔ ነው፤ ሰው ወደ ጎረቤቴ ሱቅ እንዳይሄድብኝ ፈራሁ። በአውራ ጣቴ ተጭኜ አስገባሁት፤ አልገጥም ያለውን ክዳን በላስቲክ አሰርኩት።

በሚቀጥለው ገበያ ተመልሰው መጡ።

«ልጄ፣ ይኸ ነገር ይግላል። ጉያዬ ውስጥ ሳደርገው ያቃጥለኛል» አሉኝ።

«የቆላው ሙቀት ነው እትዬ» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ሌላ ላስቲክ ጨመርኩበት፤ መርቀውኝ ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ አርብ ሲመጣ ያ ባትሪ ትዝ ይለኝ ጀመር። ሰው ልኬባቸው አስጠርቼ ልቀይርላቸው እችል ነበር፤ አልላክሁም።

አንድ አርብ ልጃቸው ደወለ። ባትሪው ቢያልቅባቸው ጎረቤት ቤት ሶላር ላይ ሰክተው ሲያወሩ ስልኩ ጆሯቸው ላይ ፈነዳ። ቀኝ ጆሯቸው ዛሬም አይሰማም። ሲሻላቸው ሻሻቸውን ጉንጫቸው ላይ ስበው ሱቄ መጡ።

«ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቻርጅ ላይ እያለ አወራሁ። አልሐምዱሊላህ፣ ተርፌያለሁ። አንተ ለሌላው ሰው ንገርልኝ» አሉኝ።

ነገርኩ። ሲሞላ ንቀሉ፣ ፀሐይ ላይ አታድርጉ፣ ጨርሶ እስኪሞት አትጠብቁ፣ ካበጠ አትጫኑት ጣሉት እያልኩ ለገባ ለወጣው ነገርኩ። የሰው ባትሪ ዕድሜው ረዘመ። እኔም ጥንቁቅ ሰው ተባልኩ፤ ጥንቃቄውን ከምን እንደተማርኩት የጠየቀኝ የለም።

ሰበብ የለኝም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ገበያ ውስጥ አጠገባቸው ቆሜ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ባትሪውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ይቅር ይበሉኝ» ብያቸዋለሁ።

የቆምኩት በቀኛቸው በኩል ነበር።

«ምን አልኽ ልጄ?» ብለው ዞሩ።

«ምንም» አልኩ።