የጀማሉዲን የፊት መስታወት

ጀማሉዲን ግማሽ ዕድሜውን በደሴና በኮምቦልቻ መንገድ ረዳት ሆኖ ሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥሎ ኖረ። አምና፣ አሮጌም ብትሆን፣ የራሱን ሚኒባስ ገዛ። እናቱ ኡሙሰልማ ለሐጅ ስትነሳ፣ «ስትመለሺ ከኤርፖርት በራሴ መኪና ነው የማመጣሽ» ብሎ ቃል ገባላት። እሷም መካ ላይ ለመኪናው ዱዓ እንደምታደርግ ነገረችው።

እንግዲህ ነገ ልትገባ ዛሬ፣ ከኩታበር ወደ ደሴ ሲመለስ ከጭነት መኪና ጎማ ሥር የተፈናጠረ ድንጋይ የፊት መስታወቱን አደቀቀው።

ቧንቧ ውሃ ሰፈር አንድ መስታወት ቤት በሩ ላይ መኪና ተስሎ ስላየ አላህን አመስግኖ ቆመ። ባለሱቁ አራጋው ወጥቶ ሚኒባሷን ዞር ዞር ብሎ አያት።

«ይሄማ ጎባጣ ነው ወንድሜ። እኔ እምቆርጥ የቤት መስኮት ነው።»

«ታዲያ መኪና ምን አሳለህ?»

«ሠዓሊው ነው። ያምራል አለኝ።»

ንዴቱን ዋጥ አድርጎ ሰኞ ገበያ ሄደ። እዚያ ደግሞ አላውቅም የሚል ሰው ጠፋ። ሁሉም በልበ ሙሉነት ይጠቁማል፤ የተጠቆመው ቤት ግን ወይ ጎማ ጠጋኝ ነው ወይ ስፖኪዮ ሻጭ። ሰው አላውቅም ቢል ምን ይሆናል? በመጨረሻ «ኮምቦልቻ ውረድ» አሉት። ነፋሱና አቧራው ፊቱን እየገረፈው ወረደ። የመጀመሪያው ጋራዥ ባለቤት ከት ብሎ ሳቀ።

«ደሴን የሚያህል ከተማ አጥተህ ነው እዚህ የወረድህ?»

ጀማሉዲን ማልቀስ ነበር የቀረው።

የአስር ሰላት ሰዓት ሲቃረብ ሂሻም የሚባል መስታወት ገጣሚ ተገኘ። ከተገለበጠች ሚኒባስ የወለቀ ደህና መስታወት ነበረው። ለካና አጣብቆ ሲጨርስ ጣቱን ቀስሮ አስጠነቀቀው።

«ሙጫው እስኪደርቅ፣ እስከ ነገ ማታ፣ መስኮት ሳትከፍት በር እንዳትዘጋ። መምታትማ ጨርሶ! አየሩ መውጫ ሲያጣ መስታወቱን ገፍቶ ይጥለዋል።»

«ወላሂ፣ ማንም አይመታውም!»

በማግስቱ ኮምቦልቻ ኤርፖርት እናቱን ለመቀበል የሄዱትን ዘመዶች በር እንዳይነኩ አንድ በአንድ አስማላቸው። እህቱ ጣይባ እጇን ወደ በሩ ስትሰድ ጮኾባት ቀኑን ሙሉ አኮረፈችው።

ኡሙሰልማ ነጭ በነጭ ለብሳ ወጣች። መኪናዋን ስታይ «ማሻአላህ!» ብላ አዲሱን መስታወት በመዳፏ ዳበሰችው። ጀማሉዲን ደስታው ልቡን ነሳው። ደግፎ አስገባት። ሽቅብ ስንወጣ የደሴ ብርድ ይመታታል ብሎ መስኮቶቹን ዘጋ። ከዚያ ያ የረዳት እጁ በሩን ስቦ ድርግም አደረገው፤ የመኪናዋንም ጎን ሁለቴ መታ መታ አድርጎ፣

«ሳበው!» አለ።

ሹፌሩ እሱ ራሱ መሆኑ ትዝ ያለው ከጮኸ በኋላ ነው። ያኔ መስታወቱ ከላይ በኩል ለቀቀ፤ ተንሸራቶ አስፋልቱ ላይ ተበተነ።

ጀማሉዲን ሮጦ ከመኪናዋ ፊት ቆመ። ኡሙሰልማ በተከፈተው ፊት በኩል ልጇን ትክ ብላ አየችው።

«ያረቢ! ለመኪናው ዱዓ ሳደርግ እጅህን ረሳሁት፣ ልጄ።»